ለባሕር ዳር ግቢ የትኛው ማንጎ ይሻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ በመራዊና በጣና ዙሪያ በግቢያቸው ማንጎ የሚያለሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ወራቱ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። በዚህ አካባቢ «የተዳቀለ» (በሌላ ማንጎ ግንድ ላይ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት) ተብሎ የሚሸጠው ችግኝ በአብዛኛው ከአፕል፣ ከኬንት፣ ከቶሚ አትኪንስ ወይም ከኪት አንዱ ስለሆነ ንጽጽሩም በእነዚህና በሀገሩ ማንጎ መካከል ነው።

አንድ ዛፍ ብቻ የምተክልበት ቦታ ነው ያለኝ። የትኛውን ልምረጥ?

አፕልን። ምክንያቱ ጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ በጣዕም ከሆነ ኬንትን የሚያስቀድሙ ብዙ ናቸው፣ እኛም አንከራከራቸውም። እዚህ አገር ዝርያ የሚለየው ፍሬው ከዛፉ በሚወርድበት ጊዜ ነው። ማንጎ በአካባቢያችን በብዛት የሚያብበው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። አበባው ጥር አጋማሽ ላይ ፍሬ ቢይዝ፣ በአራት ወር ተኩል የሚደርስ ዝርያ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይለቀማል፤ ስድስት ወር የሚፈልገው ግን ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ዛፍ ላይ ይቆያል። ሰኔ ከገባ በኋላ ደግሞ ፍሬው ሁለት ጠላት ይመጣበታል። አንዱ ከዝናቡ ጋር የሚዛመተው አንትራክኖዝ የሚባለው የጥቁር ነጠብጣብ በሽታ፣ ሌላው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። አፕል ከዋናው ዝናብ በፊት የመድረስ ዕድል አለው። የእሱ ችግር የሚመጣው በአበባ ጊዜ ነው፤ ያ ደግሞ በበጋ፣ ሰው ቆሞ ሊከላከለው በሚችልበት ወቅት ነው።

ለሁለት ዛፍ የሚሆን ቦታ ካለ አፕልና ኬንት። ቦታው ለአንድ ብቻ ሆኖ ሁለቱም ካማሩዎት፣ በአንድ ግንድ ላይ በተለያየ ቅርንጫፍ ሁለቱን ማዳቀል ይቻላል። ኬንቱ ወደ ላይ የሚተኮስ ስለሆነ አፕሉን እንዳይጋርደው በየዓመቱ ጫፉን መከርከም ያስፈልጋል።

አራቱ በምን በምን ይለያያሉ?

አፕል ስሙ እንደሚነግርዎ ክብ ነው። ሲበስል ቢጫ ሆኖ ፀሐይ የመታው ጉንጩ ይቀላል። ቃጫ የለውም ማለት ይቻላል፣ ጭማቂው ብዙ ነው፣ ፍሬው መካከለኛ ስለሆነ አንዱን አንድ ሰው ይጨርሰዋል። ወደ እኛ የመጣው ከኬንያ በኩል ነው። ቆዳው ስስ በመሆኑ በጆንያ ተጭኖ ሩቅ ቢሄድ ይበላሻል፤ የግቢ እንጂ የጭነት ማንጎ አይደለም። አመዳይ የሚመስለውን የአበባ በሽታም አንትራክኖዝንም በደንብ አይቋቋምም።

ኬንት ትልቅ፣ ሞላላና ወፍራም ነው፤ ግማሽ ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ሥጋው ጥልቅ ብርቱካናማ፣ ለስላሳ፣ ቃጫው እጅግ ጥቂት ነው። ሲበስልም ቆዳው አረንጓዴነቱን ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከአፕል ዘግይቶ ይደርሳል፣ አንትራክኖዝም ይወደዋል። ስለዚህ ቀድሞ ያበበ ዓመት ላይ ግሩም ይሆናል፣ አበባው ወደ የካቲት ከተገፋ ግን የመጨረሻዎቹ ፍሬዎች ዝናብ ይመታቸዋል።

ቶሚ አትኪንስ ለዓይን የሚስብ ነው፦ ደማቅ ቀይ፣ ጠንካራ ቆዳ፣ ቶሎ የማይፈርስ። በአንትራክኖዝ ከሌሎቹ ይልቅ ይጠነክራል፣ ዝናቡ ሳይበረታም ይደርሳል፤ በዚህ ቢታይ አንደኛ መሆን ነበረበት። የሚያስጥለው ጣዕሙ ነው። ቃጫ አለው፣ ጣፋጭነቱም ከኬንትና ከአፕል ያንሳል። አንዳንዴ ከውጭ ምንም ሳይታይበት በውስጡ ባለው ዘር ዙሪያ ያለው ሥጋ እንደ ዝልግልግ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ በሽታ ሳይሆን የውስጥ መበላሸት ነው፣ ዛፍ ላይ ከመጠን በላይ ሲቆይ ይብሳል። ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው ጥሩ ነው። ለቤት ግን ሌላ ቦታ ከሌለ አንመክረውም።

ኪት የመጨረሻው ነው፤ ከሁሉም ዘግይቶ ይደርሳል። ፍሬው ትልቅ ነው፣ አንዳንዱ አንድ ኪሎ ያልፋል፣ ሲበስልም በአብዛኛው አረንጓዴ ነው። ጣዕሙ ጥሩ፣ ቃጫውም ከዘሩ አጠገብ ብቻ ነው። ገበያው ማንጎ ሲያጣ የሚደርስ መሆኑ ሌላ ቦታ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን ያ ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ፍሬ በወረቀት ከረጢት ሳይሸፍኑ ኪት መትከል ዝንብ መቀለብ ነው።

የሀገሩ ማንጎስ?

ለጥላ፣ ለጭማቂና ለማዳቀያ መሠረትነት። ሥሩ ጠንካራ ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ ፍሬውም መዓዛው ከተዳቀሉት አንዳንዶቹን ያስንቃል። ቃጫው ግን በጥርስ መካከል ይቀራል። ዛፉም ካልተገረዘ ከቤት ጣሪያ በላይ ይሄዳል።

ገበያ ላይ የበላሁት ኬንት በጣም ጣፋጭ ነበር። ፍሬውን ብተክለው ያንኑ ያፈራል?

አያፈራም። ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚና አፕል በፍሬያቸው ውስጥ አንድ ጽንስ ብቻ አላቸው፤ እሱም የእናትና የአባት ድብልቅ ነው። ከሚበቅሉት ችግኞች አንዱ ከእናቱ ሊበልጥ ይችላል፣ አብዛኞቹ ግን ያንሳሉ። የዝርያዎቹ ታሪክ ራሱ ይህን ያሳያል። ሄደን የሚባለው ዝርያ በ1902 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ ከተተከለ የሕንዱ ሙልጎባ ፍሬ የበቀለ ነው፣ ሙልጎባን ግን አይመስልም። ቶሚ አትኪንስም ከሄደን ፍሬ የመጣ ነው፤ ከእናቱ ጠንካራ ሆነ እንጂ ጣፋጭ አልሆነም። ኬንት ደግሞ ብሩክስ ከሚባል ማንጎ ፍሬ ተገኘ። እንዲህ ዓይነት ዕድል ለመሞከር ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት መጠበቅ ይጠይቃል። የተዳቀለ ችግኝ ከተተከለ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ያፈራል።

ከአንድ ፍሬ ሦስትና አራት ቡቃያ ሲወጣ ካዩ ነገሩ ሌላ ነው፤ እንዲህ ካለው ማንጎ የሚወጡት አብዛኞቹ ቡቃያዎች እናታቸውን ይመስላሉ።

ችግኝ ስገዛ በእርግጥ የተዳቀለ መሆኑን በምን ልወቅ?

ከአፈሩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የመጋጠሚያ ጠባሳ ይፈልጉ። ከጠባሳው በላይና በታች ያለው የልጡ ቀለም ትንሽ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜም የላስቲኩ ምልክት ይታያል። ሙሉ ለሙሉ ለስላሳ የሆነ ግንድ ካለው ከፍሬ የበቀለ ነው። ጠባሳ ኖሮትም ቅጠል ያወጣው ከጠባሳው በታች ብቻ ከሆነ፣ የተዳቀለው ሞቶ የታችኛው ነው የቀረው፤ አይግዙት።

ዝርያውን ግን ከችግኝ ቅጠል ለይቶ መናገር አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ቅርንጫፉ ከየትኛው እናት ዛፍ እንደተወሰደ የሚነግርዎ ችግኝ ጣቢያ ይምረጡ። በአካባቢው ስለ ፍራፍሬ ምክር ለሚፈልግ ሰው ወራሚት ያለው የፍራፍሬና አትክልት የምርምር ጣቢያ አለ።

ሁለት ነገር ደግሞ ሳያዩ አይውጡ። የቅጠሉን ጀርባ ይገልብጡ፤ የነጭ ጠቃጠቆ ቅርፊት ካለበት ተባይ እየገዙ ነው። ፕላስቲኩን ከታች ይዳስሱ፤ ሥሩ በውስጡ እንደ ቀለበት ከተጠመዘዘ ዛፉ ሲያድግም ደካማ ይሆናል።

ባሕር ዳር ለማንጎ አይበርድም?

ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ ማንጎ በደንብ ከሚሆንበት ቦታ ጫፉ ላይ ማለት ነው። ቅዝቃዜው ግን ጥቅምም ጉዳትም አለው። ማንጎ እንዲያብብ የሌሊቱ ቅዝቃዜና የበጋው ድርቀት ይረዱታል፤ በዚህ በኩል የምንታማ አይደለንም። ጉዳቱ የሚመጣው አበባው ሲከፈት ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ዱቄት ይደክማል፣ የሚያዳቅሉት ዝንቦችና ንቦችም ጠዋት አርፍደው ነው የሚነሱት። ውጤቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል፦ እንደ ወይራ ፍሬ የሚያህሉ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ማንጎዎች ዘለላው ላይ ይንጠለጠሉና ሳያድጉ ይረግፋሉ። ይህ የማዳበሪያ እጥረት አይደለም፣ ዩሪያ ቢጨምሩበትም አይሻሻልም።

ዛፉ ትንሽ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መጀመሪያ ብቅ ያለውን የመጀመሪያ አበባ፣ ርዝመቱ ከጣት ሳያልፍ ከሥሩ ይቅጠፉት። ብዙ ጊዜ ዛፉ ከጎን ባሉት እንቡጦች በድጋሚ ያብባል፤ አበባውም የጥርን ብርድ አልፎ ይከፈታል። ነገር ግን ይህ መከሩንም ያዘገያል። ስለዚህ ለአፕልና ለቶሚ እንጂ ለኬንትና ለኪት አይደረግም፤ እነሱን ወደ ክረምት መግፋት ይሆናል።

ለጎንዮሽ ያህል፦ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ ዞሮ ነፋስ የሚጋርደው የግንብ አጥር ካለ ዛፉን በአጥሩ ፊት መትከል ጥሩ ነው። ግንቡ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል።

ግቢዬ ለሐይቁ ቅርብ ነው፣ አፈሩም ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ይቋጥራል። ማንጎ ይሆናል?

በጉድጓድ ከተከሉት አይሆንም። ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ የሚያቁር ገንዳ ነው፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ይቢጫል፣ ሰውየው ደግሞ ጠማው ብሎ ውሃ ይጨምርለታል። መፍትሔው ወደ ላይ መትከል ነው። ከግማሽ ሜትር ያላነሰ ከፍታና ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉብታ በቀይ አፈር፣ በኮምፖስትና በራሱ በዋልካው ድብልቅ ይሠራል፤ ችግኙ አናቱ ላይ ይተከላል። በጉብታው ዙሪያ ውሃውን ወደ ዝቅተኛው የግቢ ጥግ የሚወስድ ቦይ ይቀደዳል። ነሐሴ ላይ አንድ ክንድ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ካገኙ ያ ቦታ የማንጎ አይደለም፤ ዘይቶን ይሻለዋል።

ቀይ አፈር ላይ አተካከሉ እንዴት ነው?

60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ግንቦት ላይ ይቆፈርና ፀሐይ ይመታው። የላዩ አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጣል። ሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲረጋ፣ የላዩ አፈር ከ20 ኪሎ ገደማ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር ይደባለቅና ጉድጓዱ ይሞላል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ የታችኛውን ብቻ ቀዶ መትከል የተለመደ ስንፍና ነው። መጋጠሚያው ከአፈር በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይቅር። ከቤት ግድግዳ አምስት ሜትር፣ በዛፎች መካከል እየገረዙ ለሚይዙት ስድስት ሜትር፣ ለማይገረዝ ደግሞ አሥር ሜትር ይተዉ።

የመጀመሪያው በጋ ከሁሉም ይከብዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ በዙሪያው አንድ ክንድ ስፋት ጉዝጓዝ። ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣ ቡቃያ ሁሉ በእጅ ይነቀላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሚወጣው አበባ ይቀጠፋል፤ ያማል፣ ግን ግንዱ የሚጠነክረው በዚህ ነው።

እምቦጭን ለጉዝጓዝ መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል፣ ከተጠነቀቁ። ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነፃ የሆነ የቅጠል ክምር አጥተን አናውቅም። ያላበበውን ብቻ ይውሰዱ፤ የእምቦጭ ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል፣ ጎርፍ ወደ ሐይቅና ወደ ቦይ ይመልሰዋል። ከውሃ ርቆ ፀሐይ ላይ እስኪሰባበር ይድረቅ፣ ወይም ከፍግና ከአፈር ጋር ተከምሮ ኮምፖስት ይሁን። እርጥቡን ግንድ ሥር መከመር ግን ሥር ያበሰብሳል።

ያደገ የሀገር ማንጎ አለኝ። ሳልነቅለው ወደ ኬንት ወይም ወደ አፕል መለወጥ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ አዲስ ከመትከልም ይፈጥናል፣ ምክንያቱም ሥሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

የካቲት መጨረሻ ላይ ግንዱ ከአንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይጎነደላል። አንድ ቅርንጫፍ ለዛፉ ማስተንፈሻ ይተው፤ እሱ የሚቆረጠው አዲሱ ከያዘ በኋላ ነው። መጋዙ መጀመሪያ ከታች ትንሽ ይግባ፣ ያለዚያ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡን ገንጥሎ ይወርዳል። ፀሐይ እንዳያቃጥለው ግንዱ በኖራ ይቀባ። ከቁርጡ ሥር ብዙ ቡቃያ ይወጣል፤ በዙሪያው የተበተኑ አምስት ወይም ስድስት ጠንካሮች ይቀሩና ሌሎቹ ይነቀላሉ።

የቀሩት እርሳስ ሲያክሉ ለማዳቀል ደርሰዋል። ከከባዱ ዝናብ በፊት ካልደረሱ እስከ መስከረም መጨረሻ ይጠበቅ።

የሚቀጠለው ቅርንጫፍ የሚወሰደው ካፈራ ዛፍ፣ ቀላ ያለ አዲስ ቅጠል ካላወጣ ጫፍ ነው። ከመቁረጡ ከሰባት እስከ አሥር ቀን በፊት ቅጠሎቹ ይቀነጠሱ፣ ዘንጋቸው ግን ይቅር። ዘንጎቹ በጣት ሲነኩ ከረገፉና የጫፉ እንቡጥ ካበጠ ቅርንጫፉ ተዘጋጅቷል። ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ወዲያው የማይጠቀሙበት ከሆነ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ በፌስታል ጥላ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል።

የታችኛው ቡቃያ ጫፉ ይቆረጥና መሐሉ በአዲስ ምላጭ አራት ሳንቲ ሜትር ይሰነጠቃል። የሚቀጠለው ደግሞ ታችኛው ጫፍ በሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ ይጠረባል፤ እያንዳንዱ ጎን በአንድ ምት ይጠረብ፣ ተደጋግሞ የተላጠ ገጽ አይገጥምም። ሽብልቁ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ውፍረታቸው ካልተመጣጠነ ቢያንስ በአንድ ጎን ከልጣቸው ሥር ያለው አረንጓዴ መስመር ፊት ለፊት ይግጠም። መሐል ለመሐል ማስቀመጥ ሁለቱንም ጎን ያሳጣል። በቀጭን ፕላስቲክ ከታች ወደ ላይ በጥብቅ ይጠቀለላል፣ ላዩ በትንሽ ፌስታል ተሸፍኖ ከመጋጠሚያው በታች ይታሰራል፣ በወረቀት ይጠለላል።

ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እንቡጡ ይነቃል። ቅጠሉ ፌስታሉን ሲነካ ፌስታሉ ይወልቃል፤ መጠቅለያው ግን ሁለት ወር ይቆያል። ከዚያ በላይ ከተተወ ግንዱን ያንቃል፣ ነፋስም ከዚያው ላይ ይሰብረዋል። በአሥር ቀን ውስጥ ጠቁሮ ከሞተ ቅርንጫፉ ለጋ ነበር ወይም ውሃ ገብቶበታል። አረንጓዴ ሆኖ ቆይቶ ከወር በኋላ ከደረቀ ደግሞ ልጡ አልገጠመም።

አበባው በሽበሽ ይልና ጠቁሮ ይረግፋል። ምንድን ነው?

ሁለት የተለያየ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል። በጣት ነክተው ይመልከቱ። ዘለላው ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ኖሮ በጣት ከተነሳ፣ አመዳይ የሚመስለው ፓውደሪ ሚልዲው ነው። ደረቅ ቀን፣ ቀዝቃዛ ሌሊትና የጠዋት እርጥበት ይስማሙታል፤ በሐይቁ ዳርቻ ጥርና የካቲት እንዲሁ ናቸው። አፕል በዚህ ቀድሞ ይጠቃል። የሚረጭ ድኝ ይከላከለዋል፦ ዘለላው ጣት ሲያክል፣ ገና ሳይከፈት አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ። መጠኑ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ይሁን። ንብ ከገባ በኋላ ወደ ማታ ይረጭ፤ በቀትር ፀሐይ የተረጨ ድኝ ራሱ አበባ ያቃጥላል።

ዱቄት ሳይኖረው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ተያይዘው ዘለላውን ካጠቆሩት፣ በተለይም ያለወቅቱ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሆነ፣ አንትራክኖዝ ነው። ድኝ ብዙም አይረዳውም፤ የመዳብ መድኃኒት ነው የሚረጨው፣ ያም አስቀድሞ። ከሁሉም የሚበልጠው ዛፉን ከፍቶ አየር ማስገባትና ደረቅ ቅርንጫፎችን አውርዶ ማቃጠል ነው፤ በሽታው የሚያድረው እዚያ ነው።

ጎረቤት ጫት የሚረጭ ከሆነ በአበባ ሰሞን ቢነጋገሩ ጥሩ ነው። ማንጎ የሚያዳቅሉት ዝንቦችና ንቦች ከጫቱ መድኃኒት አይተርፉም።

ፍሬ እንዲይዝ ሁለት ዛፍ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። አንድ ዛፍ ራሱን ይበቃል።

ቅጠሉ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ነጥብ ወጣ። ይበላል?

ይበላል፤ ጉዳቱ በመልኩ ላይ ነው። ተባዩ ነጩ የማንጎ ስኬል ይባላል፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ እኛም ዘልቋል። ክቡ ነጭ ቅርፊት የሴቷ ነው፤ ተሰብስበው እንደ ጥጥ ብናኝ የሚታዩት ወንዶቹ ናቸው። ጭማቂ ይመጥጣሉ፣ ቅጠል ያረግፋሉ፣ ችግኝ ይገድላሉ። አራቱም ዝርያ ይያዛል። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ግን ይበልጥ ይጎዳል፤ ቶሚ ካልተገረዘ ለዚህ ምቹ ነው።

በመድኃኒት ብቻ አይለቅም፣ ቅርፊቱ ይከላከልለታል። ከመከር በኋላ በብዛት የተያዙት ቅርንጫፎች ይቆረጡና እዚያው ይቃጠላሉ፤ ተሸክሞ በመንደሩ መዞር ተባዩን ማደል ነው። ከዚያ አራት እጅ የምግብ ዘይትና አንድ እጅ ፈሳሽ ሳሙና ነጭ እስኪሆን ይመቱ፤ ከዚህ በአንድ ሊትር ውሃ 15 ሚሊ ሊትር ጨምረው የቅጠሉን ጀርባ እስኪንጠባጠብ ይርጩ። ዘይቱ ትንፋሽ አሳጥቶ ይገድላቸዋል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፤ አበባ ላይ ግን በፍጹም። መጀመሪያ በአንድ ቅርንጫፍ ሞክረው ቅጠሉ አለመቃጠሉን ማየት አይከፋም።

ፍሬው ውስጥ ትል አለ።

የፍራፍሬ ዝንብ ናት። መድኃኒቱ ከርጭት ይልቅ ልቅምና ነው፦ የወደቀ ማንጎ ሁሉ በየቀኑ ይለቀም፣ በጥቁር ፌስታል ታስሮ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ይቆይ ወይም ከግማሽ ሜትር በላይ ተቆፍሮ ይቀበር። ጎረቤትዎ ካልለቀመ ግን የእርስዎ ልፋት በግማሽ ይባክናል። ጥቂት ፍሬ ላለው ዛፍ፣ ፍሬው እንቁላል ሲያክል በወረቀት ከረጢት መሸፈን ከሁሉም የሚበልጥ ነው፤ ፕላስቲክ ያልባል፣ ያበሰብሳል።

አንድ ዓመት ይንበሸበሻል፣ በቀጣዩ ባዶ። ለምን?

ዛፉ ያለውን ሁሉ ለፍሬ አውሎ ለሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚሆን አዲስ ጫፍ ሳያወጣ ስለቀረ። የሚያብበው ቢያንስ አራት ወር ያህል የበሰለ ጫፍ ነው። ስለዚህ ገረዛው ፍሬው እንደወረደ በሳምንት ውስጥ ይደረግ፣ ኮምፖስቱም ያኔ ይጨመር። መስከረም ላይ የተገረዘ ዛፍ ጥር ላይ ቅጠል እንጂ አበባ አያወጣም። ኪት ነሐሴ ድረስ ፍሬ ስለሚይዝ ጊዜው በጣም ይጠበዋል፤ አንድ ዓመት መዝለሉ እዚህ አገር የተለመደ ነው። ከጥቅምት በኋላ ላደገ ዛፍ ዩሪያም ሆነ ብዙ ውሃ አይስጡ፤ ውሃው የሚጀመረው ፍሬው አተር ሲያክል ነው። አንድ ዘለላ ላይ ከሁለት በላይ ፍሬ ከቀረ ትርፉን መቀነስም ይረዳል።

ለጭማቂና ለእስፕሪስ የቱ ይመረጣል?

ኬንት ለእስፕሪስ፤ ወፍራም ስለሆነ ከአቮካዶው ጋር ሳይቀላቀል ይቀመጣል። ለቀጭን ጭማቂ ወንፊት እስካለ ድረስ የሀገሩ።

ኬንቱ አሁንም አረንጓዴ ነው። መቼ ልልቀመው?

ቀለሙን ይተዉት፣ ትከሻውን ይዩ። ያልደረሰ ማንጎ ትከሻው ከዘንጉ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ ሲደርስ ሁለቱም ወገን ያብጥና ዘንጉ ጎድጓዳ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ጉንጩም ይሞላል። ጥርጣሬ ካለ አንዱን ይቁረጡ፦ በዘሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ ቢጫ ከሆነ ደርሷል፣ ነጭ ከሆነ አልደረሰም፤ ያልደረሰው ቤት ቢቀመጥ ይጨማደዳል እንጂ አይጣፍጥም። ዝንብ ባለበት ሰሞን ዛፍ ላይ እስኪለሰልስ መጠበቅ ኪሳራ ነው።

ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ዘንግ አስቀርተው በመቀስ ይቁረጡ፤ ተስቦ የተነቀለው ወተቱ ቆዳው ላይ ፈሶ ያጠቁረዋል። ከዚያ ዘንጉን አሳጥረው ፍሬውን በዘንጉ በኩል ወደ ታች ደፍተው በሣር ወይም በሽቦ ላይ አንድ ሰዓት ይተዉት፣ ወተቱ ተንጠባጥቦ ያልቃል። ወተቱ የሰው ቆዳም ስለሚያሳክክ ፊትዎን በእጅዎ አይንኩ። በክፍል ሙቀት፣ በጭድ ውስጥ ወይም ከበሰለ ሙዝ ጋር በካርቶን፣ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ይበስላል። ፍሪጅ የሚገባው ከበሰለ በኋላ ነው፤ ጥሬው ከገባ ቆዳው ይጠቁራል፣ ከወጣም በኋላ በትክክል አይበስልም።